የባትሪ ፋኖስ ስንገዛ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

የኤልኢዲ ፋኖስ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሱቅ ውስጥ አብርቶ ያያል፤ ብርሃኑ ዓይኑን ካጥበረበረው ዋጋ ተከራክሮ ይዞት ይሄዳል። ይሁንና በአሁኑ ጊዜ ርካሹም ፋኖስ ለአምስት ደቂቃ ቦግ ማለት አያቅተውም። ፋኖስ የሚፈተነው መብራት በጠፋ በአራተኛው ሰዓት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ስድስት ወር ከከረመ በኋላ፣ ወይም ሰሜን ተራሮች ላይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ሲሆን፣ በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ወሳኙ አምፖሉ ሳይሆን ባትሪው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከፍተኛውን ድምቀት ብቻ ማየት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ፋኖሱ የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግረንም፤ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር። ለአንድ መካከለኛ ክፍል ከ200 እስከ 300 ሉመን አያንስም፤ ድንኳን ውስጥ እራት ለመብላት ግን ከ30 እስከ 50 ሉመን ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ዓይን ከማስጨፈን በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ሻጩን ‹‹ምን ያህል ይደምቃል?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ምን ያህል ዝቅ ይላል?›› ብለንም መጠየቅ ይገባናል። ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ለዓይን ይለዝባል፣ ነፍሳትንም እንደ ሰማያዊ ቀመሱ ነጭ አይጠራም።

ሁለተኛው ስህተት የታተመን ቁጥር እንዳለ ማመን ነው። ብዙ አምራቾች በሚከተሉት ኤፍኤል 1 በተባለው የአሜሪካ የመለኪያ ደረጃ መሠረት፣ ፋኖስ የሚበራበት ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ ‹‹50 ሰዓት›› የተባለለት ፋኖስ ከዚያ ውስጥ ብዙውን እንደ ጧፍ ጭል ጭል እያለ ሊያሳልፈው ይችላል፤ አምራቹም አልዋሸም። በባትሪው ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ግን ዓይን ያወጣ ውሸት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በርካታ ቻርጅ የሚደረጉ ፋኖሶች ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ፣ ስያሜውን ያገኘው ከ18 ሚሊ ሜትር ውፍረቱና ከ65 ሚሊ ሜትር ቁመቱ ሲሆን፣ ምርጥ የተባለው እንኳ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። 9,900 የሚል ካየን ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 11 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ 2 ዋት የሚወስድና 200 ሉመን ገደማ የሚሰጥ ፋኖስ ይህን ቢበዛ በአምስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥንና ለጉዞ የሚያዝን ፋኖስ በአንድ ዓይን ማየት ነው። ሶኬት ላይ ተሰክተው ከሚሞሉት ርካሽ ፋኖሶች ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም የሆነ፣ ባለ 4 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ባዶውን መቀመጥ አይወድም፤ አልቆ ለወራት ከተረሳ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይሸፈኑና ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይዝም። ባለቤቱ ‹‹ዕቃው ቻይና ነው›› ብሎ ይጥለዋል፤ የገደለው ግን መረሳቱ ነው። በየሁለት ወሩ መሙላቱን የማያስታውስ ሰው የባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰውን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ጥሩ የአልካላይን ድንጋይ ሳይነካ ለዓመታት ይቀመጣል፣ መብራት ለቀናት ቢጠፋም ከሰፈር ሱቅ ተገዝቶ ይተካል። ከመግዛት በፊት ግን የሚጎርሰው የድንጋይ ዓይነት በሰፈር መገኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለጉዞ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ትልቁ ዲ ድንጋይ አንዱ ብቻውን 140 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ አራቱን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም። በሰሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው፣ ጨነቅ በተባለው የድንኳን ማረፊያ ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አልካላይን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ውኃ አዘል በመሆኑ በዚህ ብርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቻርጅ የማይደረገው የሊቲየም ኤኤ ድንጋይ ውድ ቢሆንም ቀላል ነው፣ ብርዱንም ይችላል። ቻርጅ የሚደረገው ሊቲየምም ለጉዞ ያገለግላል፤ ሆኖም ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ስለሚጎዳው፣ ሌሊቱን ከባለቤቱ ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ቢያድር ይመከራል።

አራተኛው ስህተት ድንጋዩን ፋኖሱ ውስጥ ትቶ መርሳት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ክዳኑን ስንከፍት ስፕሪንጉ ላይ የምናገኘው ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት የአልካላይን መፍሰስ ምልክት ነው። በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ይጠረጋል፤ ስፕሪንጉ ከተበላ ግን ወደኋላ የለም። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አቀላቅሎ መጉረስም እዚሁ ያደርሳል፤ አዲሶቹ ደካማውን ከአቅሙ በላይ ስለሚያደርቁት ቀድሞ የሚያፈሰው እሱ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ፋኖስ ሌላ ጣጣ አለው። የአንዳንዱ ቻርጀር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ በዩኤስቢ የሚሞላውን ማስመጣት ከዚህ ያድናል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም አውሮፕላን ላይ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው። ስለ ዝናብ የሚያሳስበው ሰው አይፒኤክስ 4 የሚለውን ምልክት ይፈልግ፤ ከየአቅጣጫው የሚረጭን ውኃ ይቋቋማል፣ መነከርን ግን አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት ፋኖሱን ሳይፈትኑ ማስቀመጥ ነው። በተገዛ ዕለት ሙሉ ለሙሉ ይሞላ፤ ማታ ቤት ውስጥ ለራት በሚበቃው ድምቀት ይብራና መጽሐፍ ማንበብ የማያስችልበት ሰዓት ይመዝገብ። ያንን ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፎ ከፋኖሱ ሥር መለጠፍ ነው።