የክፍል ጓደኛሽ ልትዳር መሆኑን ስትሰሚ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚያው ጎጃም፣ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ሰኞ እንሶስላ የሞቁ ጣቶቿን ደብተሯ ሥር ደብቃ ገባች። «የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። በሳምንቱ ቦታዋ ባዶ ሆነ። 13 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ሌላ ልጅ ላይ ሊደገም ሲል ግን ዝም አላልንም። የምነግርሽ ያኔ የተማርኩትን ነው።

ምልክቱን ቀድመሽ እዪ። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል። በድብቅ የሚድር ቤት «ማኅበር ነው»፣ «ተዝካር ነው» ይላል። ግን ሽማግሌ ይመላለሳል፤ ልጅቱ ከትምህርት መቅረት ትጀምራለች። ታላቅ እህት ስትዳር ታናሽየዋንም አብረው የሚድሩበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ለብቻዋ አናግሪያት። ውኃ ስትቀዱ ጥሩ ነው፣ ሰው አይሰማም። የእኛዋ፣ ሁለተኛዋ ልጅ፣ «አባቴ ይታሰርብኛል» ብላ አለቀሰች። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅ የሚያገባውን ሰው በእስራት ያስቀጣል፦ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት። ግን ሠርጉ ሳይደርስ ስለተነገረ የእኛው በምክር ቆመ። አባቷም አልታሰሩም። ለዚህ ነው ቶሎ ተናገሪ የምልሽ።

ቤተሰቧ ዘንድ ብቻሽን እንዳትሄጂ። ቀኑን ያስጠጉታል፣ ወይ ሌላ ቀበሌ ወስደው ይድሯታል። ለምታምኛት መምህር ንገሪ። እኛ ለሴቶች ክበብ መምህራችን ነገርናት፤ እሷ ወደ ወረዳ ሄደች። መጀመሪያ ያገኘችው ሰው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሳት። በማግስቱ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተመልሳ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ገባች፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ።

«18 ሞልቷታል» ማለታቸው አይቀርም። የልደት ካርድ ከሌላት የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ዕድሜዋ አለ። እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሕጉ 18 ዓመትና የራሷን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሠርጉ ቀረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። እኛም ጋ ወር ሳይሞላ ደላላ መጣ፣ «አዲስ አበባ ሥራ አለ፣ ከዚያ ዓረብ አገር» እያለ። የደላላውን ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሚነሱበትን ቀን ጽፈሽ ለመምህርሽና ለፖሊስ ስጪ። በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ «ራሷ ፈቅዳ ነው» ማለት ደላላውን አያድነውም። ፎቶዋን ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ግን በፍጹም እንዳትለጥፊ። እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው።

የእኛዋ ወደ ትምህርት ስትመለስ ሁለት ሳምንት አምልጧት ነበር። ኖቱን ለሁለት ተካፍለን ገለበጥንላት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ መንገዱ ቢረዝምብንም፣ በእነሱ ቤት በኩል ዞረን ይዘናት እንሄድ ነበር።