የሹማን ሬዞናንስን ሲለኩና ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምድር ዙሪያ በየሰከንዱ በአማካይ ከ40 እስከ 50 መብረቅ ይበርቃል። ከእያንዳንዱ የሚወጣው እጅግ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሞገድ በመሬት ወለልና በአዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የላይኛው የአየር ንብርብር) መካከል ታጥሮ ምድርን ይዞራል፤ ዞሮ ሲመጣ ከራሱ ጋር የሚገጥመው ይጠነክራል፣ የማይገጥመው ይከስማል። የሹማን ሬዞናንስ ማለት ይህ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪንፍሪድ ኦቶ ሹማን ይህን በ1952 እ.ኤ.አ. በስሌት ተነበየ፤ በ1960 ተመራማሪዎቹ ባልሰርና ዋግነር አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ አረጋገጡት። ምልክቱ 1 ፒኮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ የሆነው ቴስላ አንድ ትሪሊዮንኛ) ገደማ ብቻ ነው፤ የምድር የራሷ መግነጢሳዊ መስክ ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። አብዛኞቹ የመለኪያ ስህተቶች የሚመነጩት ይህን ልዩነት ከመዘንጋት ነው።

7.83ን እንደ ቋሚ ቁጥር መያዝ

ለመጀመሪያው ሬዞናንስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍሪኩዌንሲ 7.83 ሄርዝ ነው። የብርሃን ፍጥነት ለምድር ዙሪያ፣ 300,000 ለ40,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 7.5 ይመጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ምድር ሉል መሆኗን የሚያስገባው ስሌት ግን፣ የላይና የታች ግድግዳዎቹ ፍጹም አስተላላፊ ቢሆኑ ኖሮ፣ 10.6 ሄርዝ ይሰጣል። ወደ 7.8 የሚያወርደው አዮኖስፌር ሞገዱን ስለሚመጥ ነው። ስለዚህ አዮኖስፌር ሲለዋወጥ ቁጥሩም ይለዋወጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ በ0.1 ወይም በ0.2 ሄርዝ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ሬዞናንሱ በፍሪኩዌንሲና በጥንካሬ ግራፍ ላይ የሚሠራው ጉብታ ራሱ 2 ሄርዝ ያህል ስፋት አለው፤ ከእሱ በላይም 14፣ 20፣ 26 ሄርዝ አካባቢ ሌሎች ይከተላሉ። ከግራፉ ረጅሙን ነጥብ መርጦ «ዛሬ 7.91 ሆነ» ማለት ትርጉም የለውም። የ10 ሰከንድ ቁራጮችን ወስደው የ15 ደቂቃውን ሁሉ፣ ማለትም የ90ውን ስፔክትረም (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ጥንካሬ)፣ አማካይ ያውጡ፤ ከዚያ ጉብታው ላይ የሎሬንትዝ ኩርባ (የሬዞናንስ ጉብታን ቅርጽ የሚገልጽ የሒሳብ መስመር) ገጥመው መሃሉን ያንብቡ።

ነጩን መስመር «ፍሪኩዌንሲው ጨመረ» ብሎ ማንበብ

ከሩሲያዋ ቶምስክ የሚወጣው ባለቀለም ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ይዘዋወራል። አግድሙ ሰዓት፣ ቁመቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ቀለሙ ጥንካሬ ነው። ከላይ እስከ ታች የቆመ ነጭ መስመር ሁሉም ፍሪኩዌንሲ ባንድ ጊዜ መረበሹን ያሳያል፤ ይህ የቅርብ መብረቅ ወይም የአካባቢ ረብሻ መልክ ነው። ሬዞናንሱ 40 ሄርዝ እንዲደርስ የምድር ዙሪያ በአምስት እጥፍ መጥበብ ነበረበት። ሰዓቱም የቶምስክ ነው፤ ከኢትዮጵያ በ4 ሰዓት ይቀድማል።

50 ሄርዝን በኋላ በኮምፒውተር አጣራዋለሁ ማለት

መለኪያውን ራሳቸው ለሚሠሩ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ የመብራት መስመር 50 ሄርዝ፣ በአሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፤ ከምንፈልገው ምልክት ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው። ሳያጣሩ ካጎሉት አምፕሊፋየሩ በ50ው ብቻ ይሞላና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ማጣሪያው ከመጀመሪያው አነስተኛ ማጉያ ቀጥሎ፣ ከዋናው ማጉያ በፊት ይግባ። ኃይሉን ከባትሪ ይስጡ፤ ኢንቨርተርና የስልክ ቻርጀር መግነጢሳዊ መስኩን ከሚቀበለው የሽቦ ጥቅል፣ ከኮይሉ፣ ይራቁ። ቦታው ከመስመር በብዙ መቶ ሜትሮች፣ ቢቻል በኪሎ ሜትሮች ይራቅ።

ለጥቆ የሚመጣው የናሙና ፍጥነት ነው። ለስሌት ይመቻል ተብሎ በሰከንድ 64 ናሙና ይመረጣል። ያኔ በደንብ ያልተጣራው 50 ሄርዝ ይታጠፍና 64 ሲቀነስ 50፣ ማለትም 14 ሄርዝ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሁለተኛው ጉብታ የተገኘ ይመስላል! መለያው ስፋቱ ነው፦ እውነተኛው ጉብታ ሰፊ፣ የመብራቱ መርፌ የመሰለ ነው። በሰከንድ 200 ወይም ከዚያ በላይ ናሙና ይውሰዱ፤ ከዲጂታል መቀየሪያው በፊትም ከ40 ሄርዝ በላይ ያለውን የሚያዳክም ማጣሪያ ያስገቡ። ጀርመን፣ ኦስትሪያ ወይም ስዊዘርላንድ ያላችሁ 16.7 ሄርዝ ላይ መርፌ ካያችሁ የባቡር መስመሩ ነው።

ኮይሉን መሬት ላይ አጋድሞ መተው

ነፋስ ኮይሉን ሲነቀንቀው በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ምልክት ይሆናል። ሐሰተኛ 1 ፒኮቴስላ ለመፍጠር የ1 ኪሎ ሜትር አጣና ጫፉ በ0.03 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ የሚኖረው የማዕዘን ለውጥ ይበቃል። በኢትዮጵያ፣ መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆንን፣ መስኩ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ነው ያለው፤ በዚህ የተነሳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ኮይል ለግራ ቀኝ ውዝዋዜ በጣም ስስ ነው። ሁለቱንም ኮይሎች (ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉትን) ከዛፍ ርቀው፣ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት ቀብረው፣ ዙሪያውን በአሸዋ ይጠቅጥቁ፤ ዛፍ በሥሩ አፈሩን ያናውጣል።

ኮይሉን በአሉሚኒየም ለመሸፈን ከፈለጉ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰንጠቅ። ዙሪያው የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ጅረት ይዞርና ምልክቱን ይቀንሰዋል።

ኮይሉ የተጠቆመበትን አቅጣጫ የመብረቁ አቅጣጫ ማድረግ

መግነጢሳዊ መስኩ ከሞገዱ ጉዞ ጋር መስቀለኛ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ኮይል የሚሰማው ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጣውን ነው። ለኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በስተምሥራቅ፣ ደቡብ አሜሪካ በስተምዕራብ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ለአንድ ኮይል ብቻ ከበቃ ይሄኛው ይቅደም።

ጥንካሬውን ከደጅ ዝናብ ጋር ማያያዝ

በሰፈርዎ ነጎድጓድ ካለ መለኪያው ይታፈናል፤ ያንን ቁራጭ ከአማካዩ ያውጡት። የዕለቱን ውጣ ውረድ የሚሠሩት ሦስት የመብረቅ ማዕከላት ናቸው። በኢትዮጵያ ሰዓት የደቡብ ምሥራቅ እስያ እኩለ ቀን ገደማ፣ የአፍሪካ፣ በተለይ የኮንጎ ተፋሰስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ የአሜሪካ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይጠነክራል። የምሽቱ ጉልበት የኤሌክትሪክ መስኩን በሚለካው አንቴናና መግነጢሳዊውን በሚለካው ኮይል እኩል ይታያል ብለው አይጠብቁ። ደቡብ አሜሪካ ከኢትዮጵያ በምድር ዙሪያ ሩብ ገደማ፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ስለሚገኝ፣ በመጀመሪያው ጉብታ የኤሌክትሪክ መስኩ እዚህ ሲደርስ ይደክማል፤ መግነጢሳዊው ግን ይጎላል። የኤሌክትሪክ አንቴና ብቻ የተከለ ሰው ምሽት ላይ 7.8 ሄርዝ ደክሞ ቢያገኘው መሣሪያውን አይፍታ።