ካርቶን የለበሰው ባቄላ

ድሮ አራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ሳስተምር «ዘር ለመብቀል የሚያስፈልጉት ነገሮች» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍና አስገለብጥ ነበር። ልጆቹም ሸምድደው ይመልሱልኛል። አሁን በጥያቄ ነው የምጀምረው፦ «ባቄላ ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል?»

እጅ አስወጡና ቁጥሩን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉ። መልሱን ግን እንዳትናገሩ። ፊታችሁም አይናገር፤ ልጆች የአስተማሪ ፊት ማንበብ ይችሉበታል።

ዕቃው ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ሶፍትና ባቄላ ነው። ሃይላንዱን ቤት ቆርጣችሁ ኑ። 64 ልጅ መሐል ምላጭ አይወጣም። ባቄላውን ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ለየቡድኑ ሁለት ሃይላንድ፣ በእያንዳንዱ 5 ፍሬ። አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነና ካልበቀለ፣ ጨለማው ይሁን ንቅዙ በምን ይታወቃል? ፍሬዎቹን በሶፍቱና በሃይላንዱ መሐል ሸጉጧቸው፤ ሥሩ ሲወጣ ከውጭ ይታያል።

መጀመሪያ ጊዜ አንዱን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ መስኮቱ ላይ እኮ ይሞቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ልዩነት ቢመጣ ከብርሃኑ ይሁን ከሙቀቱ መለየት አንችልም ነበር። አሁን ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አደርጋለሁ፤ አንደኛው ላይ ካርቶን እደፋበታለሁ። ውሃውም እኩል፣ በሃይላንድ ክዳን እየተለካ። ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ፍሬው አይዋኝ፤ አየር ካጣ ይበሰብሳል።

ካርቶን ባልተደፋበት ላይ በየቀኑ ያዩትን ይሳሉ፣ ቀን ይጻፉበት፣ በማስመሪያ ይለኩ። ሥዕሉ ባያምርም አታርሙት።

ቡቃያው ብቅ ብሎ ማደግ ሲጀምር፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ካርቶኑን አንሱ። ሁለቱም በቅለዋል። እንዲያውም ጨለማ ውስጥ የነበረው ረዝሟል። ክፍሉ ይንጫጫል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። «ቀለሙስ? ግንዱስ?» በሉ። ቀጭንና ገርጣ ያለ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

መጀመሪያ «አያስፈልገውም» ካሉት ጥቂቶች አንዷን ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት። «አያቴ ብቅል ስታበቅል በኮባ ቅጠል ትሸፍነዋለች» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ብቅል ሲበቅል እያየሁ እኔ አላሰብኩትም! ዘሩ ለመብቀል የሚበላውን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ብርሃን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ፣ ቅጠሉ ምግብ መሥራት ሲጀምር ነው። ይህን ያስረዳሁት እሷ ከተናገረች በኋላ ነው። የገረጣውን ቡቃያ ብርሃን ላይ አድርጉትና አረንጓዴ ሲሆን ይዩት።

ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ እነሱ ያምጡ። አንዱ ከኪሱ የባቄላ ቆሎ አውጥቶ «ይኼስ ይበቅላል?» አለኝ። «እንሞክረው፣ 5 ፍሬ ቁጠር» አልኩት። ሃይላንድ ይዤ እስክመለስ 2 ቀርቷል።