ተቀራራቢ ፈዛዛ ቀለሞችን በነጭ ወረቀት መለየት

ሁለት ዓይነት ክሬም ቀለም በናሙና ካርድ ላይ አንድ መስለው ይታዩና ግድግዳ ላይ ሲያርፉ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ግራጫ ያደላል። ልዩነታቸውን አስቀድሞ ለማየት እያንዳንዱን በተለየ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ (እርጥብ ቀለም አያስፈርድም) ጎን ለጎን አቁሟቸውና በመካከላቸው ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስገቡ። ዓይናችን ፈዛዛ ቀለምን ብቻውን ሲያይ ቆይቶ እንደ ነጭ መቁጠር ስለሚጀምር፣ እውነተኛ ነጭ አጠገቡ ሲቀመጥ ተደብቆ የነበረው ቢጫነት ወይም አረንጓዴነት ወዲያው ይወጣል። የማተሚያ ወረቀት በቀን ብርሃን በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ቢያደላም፣ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ንጽጽሩን አያዛባም። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ቀብቶ መሞከሩ ግን የቀድሞው ቀለም ዙሪያውን ከቦ ፍርድን ስለሚያሳስት አይመከርም።

በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኘው ደብረ ብርሃን ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋማ ከተሞች፣ በክረምት ደመናና ጭጋግ ውስጥ አልፎ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ግራጫ ቀመስ ቀለም ቀዝቅዞ ይታያል፤ ያው ቀለም ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ሞቅ ይላል። ስለዚህ ካርቶኖቹን በሚቀባው ክፍል ውስጥ አቁማችሁ ጠዋትም ማታም ተመልከቷቸው፤ እኔ ብሆን ክፍሉ ይበልጥ በሚያገለግልበት ሰዓት ያማረውን እመርጣለሁ።

ግድግዳው ሻካራ የጭቃ ልስን ከሆነ ግን የልስኑ ጥላ ቀለሙን ስለሚያጠቁረው በለስላሳ ካርቶን ላይ የታየው ውጤት አያስተማምንም።