በእንቅልፍ ልብ የመጣን ዜማ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ከሌላ ዓለም የወረደ የሚመስል ዜማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍ ሊወስድ ሲል ወይም ሲለቅ ነው። ተነስተው መብራት አብርተው ሰው ካነጋገሩ ብን ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት የስልክዎን ድምፅ መቅጃ ከፍተው፣ መልእክት እንዳይገባ ዘግተው፣ እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። ሲነቁ ዓይንዎን ሳይገልጡ ዜማውን ሁለት ጊዜ ያንጎራጉሩ። ስልኩ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከቀረበ ትንፋሽ ድምፁን ያበላሸዋል። ከዚያ ምቱን በጣትዎ እየመቱ አንዴ ይድገሙት። ይህችን ብዙዎች ይዘሏታል፤ ጠዋት ሲያዳምጡት ግን ዜማው ከምቱ ጋር ይነሳ ወይስ ዘግይቶ ይግባ መለየት ያቅታቸዋል። ግጥም ካልመጣ አያስገድዱት፣ «ላ ላ» ይበቃል።

ጠዋት በመሣሪያ ቅኝቱን ሲፈልጉ ከቅኝቱ የወጣች ኖታ ብታጋጥምዎ ቶሎ አያርሟት። የዘፈኑ እንግዳነት ያለው እሷ ላይ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ አደጋ ዜማው የሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ አእምሮ የሰማውን ምንጩን ረስቶ አዲስ አስመስሎ ያቀርባል። የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን «የስተርዴይ» የተባለውን ዘፈን ዜማ በሕልሙ ካገኘ በኋላ፣ ከዚህ በፊት ሰምተውት እንደሆነ ሰዎችን እየዞረ ይጠይቅ ነበር። እስከዚያው ስለ እንቁላል ጥብስ በሚያወራ የቀልድ ስንኝ ይዘፍነው ነበር። እርስዎም ብዙ ዘፈን ለሚያውቁ ሦስት አራት ሰዎች ያለ ግጥም ያሰሟቸው፤ ግጥም ካለ ጆሯቸው ወደ ቃሉ ያደላል።