ከሥራ ስትቀሩ፦ «ኮል አውት»

አሜሪካ ገብታችሁ ሥራ የጀመራችሁ፣ ይቺን አነጋገር ያዙልኝ። «ኮል አውት» ማለት ፈረቃችሁ ሳይጀምር ደውሎ «ዛሬ አልገባም» ማለት ነው። ዲሲና አካባቢው በብዛት ትሰሟታላችሁ። አለቃችሁ «ሺ ኮልድ አውት» ካለ ልጅቷ ደውላ ቀርታለች ማለት ነው፤ ጮኸች ወይም ተጣራች ብላችሁ እንዳትረዱት። ሌላ ቦታ ይህንኑ «ኮል ኢን ሲክ» ይሉታል።

ስትደውሉ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «ሃይ፣ አይ ኒድ ቱ ኮል አውት ቱዴይ፣ አይም ሲክ» ይበቃል። ስማችሁንና የምትገቡበትን ሰዓት ጨምሩበት። ለሥራ ባልደረባ «ንገሪልኝ» ብሎ መተኛት ግን ይቅርባችሁ። እሷ ከረሳች ስማችሁ ላይ የሚጻፈው «ኖ ኮል፣ ኖ ሾው» ነው፤ ሳይደውል የቀረ ማለት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ከበድ አድርጎ ያየዋል፣ ከሥራም ሊያስባርር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በ«ኮል» እና በ«አውት» መሃል ሰውን የሚያመለክት ቃል ከገባ ነገሩ ሌላ ነው። «ሂ ኮልድ ሚ አውት» ማለት ጥፋቴን ፊት ለፊት ነገረኝ፣ ብዙ ጊዜም ሰው እየሰማ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ መቅረት ስታወሩ «ሚ» የምትለዋን አታስገቡ።