ጥለቱ ለምን ዘመመ? የምስል ረድፎችን በኮድ ስናነብ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የተዋወቅኳቸው ሸማኔ ጎረቤት አሉኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ማታ ስልካቸውን ይዘው መጡና የቀሚስ ጥለት ፎቶ አሳዩኝ። «አንተ ኮምፒውተር ላይ ውለህ ታድር የለ? ይሄን መስመር በመስመር ፍታልኝ። የትኛው ቀለም ስንት ጊዜ እንደሚገባ ልወቅ» አሉኝ።

ቀላል መሰለኝ። ምስል የፒክስል፣ ማለትም የጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች፣ ረድፎች ክምር ነው። አንዱን ረድፍ እንደ አንድ ማግ ብንቆጥረው ያስኬዳል። ፎቶውን ወደ 150 ፒክስል ስፋት አሳነስኩት፣ ቢኤምፒ (BMP) በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀመጥኩት፣ ከዚያ በራሴ ኮድ ባይት በባይት ማንበብ ጀመርኩ። ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) እያለ ምን አደከመህ የሚለኝ አይጠፋም። ሰሞኑን የሰፈራችን ኔትወርክ ደካማ ስለነበረ ማውረድ አልቻልኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሁለት ሌሊት በላብኝ።

ምስሉ ወደ ጎን ይዘምማል፣ ቀለሙም ይዘበራረቃል

ምልክቱ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ልክ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በየረድፉ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት መስመር ያዘነብላል። ቀለሙም በየረድፉ ይለዋወጥና በየ3 ረድፉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጋሼ ስክሪኑን አንዴ አይተው «ድሩ ላልቷል» አሉ። ሳቅኩ። እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ፦ አንድ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ይይዛል። እኔ 150 ፒክስል በ3 ባይት ሲባዛ 450 ነው ብዬ በየረድፉ 450 ባይት ነበር የማነበው። ቢኤምፒ ግን የእያንዳንዱ ረድፍ ርዝመት ለ4 የሚካፈል እንዲሆን ያስገድዳል። 450 ለ4 አይካፈልም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ 2 ባዶ ባይት ይጨመርና 452 ይሆናል። እነዚያን 2 ባይቶች እኔ የሚቀጥለው ረድፍ መጀመሪያ አድርጌ ቆጠርኳቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስህተቱ 4 ባይት ደረሰ፣ አራተኛው ላይ 6። እንዲህ እያለ ይጠራቀማል።

የሚያናድደው ደግሞ ኮዱን ቀድሜ ሞክሬው ነበር። የሞከርኩበት ፎቶ ግን 640 ፒክስል ስፋት ነበረው። 640 በ3 ሲባዛ 1920 ነው፣ ለ4 እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ምንም ባዶ ባይት አልነበረውም፤ ችግሩም አልታየም። «እኔ ጋ ይሰራል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

መፍትሄው፦ የረድፉን ርዝመት ከስፋቱ ለይታችሁ ያዙ። ስሙ ስትራይድ ነው። ለቢኤምፒ ስሌቱ አጭር ነው። ስፋቱን በአንድ ፒክስል ቢት ብዛት (አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 3 ባይት 24 ቢት ነው) አባዙ፣ 31 ደምሩ፣ ለ32 አካፍሉ፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉ፣ ውጤቱን በ4 አባዙ። በእኛ ምስል 150 በ24 ሲባዛ 3600፣ 31 ሲደመር 3631፣ ለ32 ሲካፈል 113 ከምናምን፣ 113 በ4 ሲባዛ 452። ከረድፍ ወደ ረድፍ ስትዘሉ በ452 ዝለሉ፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ ግን የመጀመሪያውን 450 ብቻ ውሰዱ።

መነሻውንም በግምት አትያዙ። ብዙ ሰው የፒክስሉ መረጃ ከ54ኛው ባይት ይጀምራል ብሎ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር ከዜሮ ስንቆጥር 10ኛው ባይት ላይ በሚጀምሩት 4 ባይቶች ተጽፏል። እሱን አንብቡ።

አንድሮይድ ላይ የካሜራ ምስል ባይት በባይት የምታነቡም ያው ነው። እዚያ ረድፉ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው ስልኩ ነው። ስለዚህ አትቁጠሩ፤ ጌትሮውስትራይድ (getRowStride) በሚባለው ትእዛዝ ጠይቁት።

ለመፈተሽ ስፋቷ 5፣ ቁመቷ 3 ፒክስል የሆነች ሚጢጢ ምስል ስሩ። 15 ባይት የነበረው ረድፍ 16 ይሆናል። ፋይሏን በቁጥር እያያችሁ በዓይናችሁ መከተል ትችላላችሁ። እኔ ይሄን ያደረግኩት መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፑ ባትሪ 20 በመቶ ላይ ሆኖ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ገባኝ።

ምስሉ ተገልብጦ ይመጣል

ጥለቱ ላይ ያለው መስቀል እግሩ ወደ ላይ ሆነ። ቢኤምፒ በልማዱ የታችኛውን ረድፍ ነው መጀመሪያ የሚያስቀምጠው። ከመጨረሻው ረድፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ። በሄደሩ (በፋይሉ መግቢያ መረጃ) ላይ የተጻፈው ቁመት ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከመገልበጣችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቀዩ ግን ሰማያዊ ሆኗል

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ለዚህ ጥሩ መመርመሪያ ነው። አረንጓዴው ካልተነካ፣ ቀዩ ሰማያዊ ከሆነ፣ ቢጫው ደግሞ ወደ ውሃ ሰማያዊ ከሄደ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ቀይና ሰማያዊ ቦታ ተለዋውጠዋል። ቢኤምፒ ሰማያዊን ያስቀድማል፣ ኦፕንሲቪ (OpenCV) የሚባለው የምስል ላይብረሪም እንደዚሁ። ፒሎው (Pillow) የሚባለው ሌላ የምስል ላይብረሪ ደግሞ ቀይን ያስቀድማል። በአንዱ አንብባችሁ በሌላው ስታሳዩ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ።

የስፋትና የቁመት ግራ መጋባት

ኮዱ «ከክልል ውጭ» ብሎ ይቆማል፣ ወይም ረድፍ ስትጠይቁት ዓምድ ይሰጣችኋል። ፒሎው መጠኑን ሲናገር ስፋትን ያስቀድማል። ነምፓይ (NumPy) የሚባለው የቁጥር ላይብረሪ ግን ረድፉን፣ ማለትም ቁመቱን ነው የሚያስቀድመው። ባለ አራት እኩል ጎን ምስል ይሄን ስህተት ስለሚደብቅ በእሱ አትፈትሹ።

ፋይሉ አለ፣ ኮዱ ግን የለም ይላል

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁና ፋይሉን «ጥለት» ብላችሁ በአማርኛ ከሰየማችሁት፣ የኦፕንሲቪ ምስል ማንበቢያ ትእዛዝ፣ ኢምሪድ (imread)፣ ላያገኘው ይችላል። ፓይተን ላይ ደግሞ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ኮዱ የሚወድቀው ቆይቶ፣ ሌላ መስመር ላይ ነው። እናንተም ያን ንጹህ መስመር ስትመረምሩ ታመሻላችሁ። ፋይሉን በነምፓይ እንደ ባይት አንብባችሁ ባይቱን ወደ ምስል ለሚቀይረው የኦፕንሲቪ ትእዛዝ፣ ለኢምዲኮድ (imdecode)፣ ስጡት። ወይም ስሙን በላቲን ቀይሩት፣ ያሳዝናል እንጂ ይሰራል።

ሁለት ረድፍ ሲደመር ቁጥሩ ያንሳል

200 እና 100 ተደምረው 44 ከሆኑ ኮምፒውተሩ አላበደም። አንድ ባይት ከ255 በላይ አይይዝም፣ ሲያልፍ ከዜሮ ይጀምራል። ከመደመራችሁ በፊት ወደ ትልቅ የቁጥር ዓይነት ቀይሩት።

አራት ክር ብቻ ያለው ጥለት በመቶ የሚቆጠር ቀለም ያወጣል

ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ የቀለሙን ዝርዝር አወጣሁ። መአት ነው። ነጭ የሚባለው ራሱ ስንት ዓይነት ሆነ! ጋሼ «እኔ አራት ክር ነው ያለኝ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

ያመጣው ጄፔግ (JPEG) ነው፤ ወደ ቢኤምፒ ከመቀየሬ በፊት ፎቶው የነበረበት የፋይል ዓይነት። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ የፋይሉን መጠን ሲያሳንስ ዝርዝሩን ይጥላል። በተለይ ሁለት ቀለም በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ያልነበረ ቀለም ይፈጠራል። ፎቶው በቴሌግራም ነበር የደረሰኝ፤ እዚያም በድጋሚ ታምቋል። ምስሉን ሳሳንሰው ደግሞ የጠርዙ ቀለሞች ይበልጥ ተቀላቀሉ። ስለዚህ ፒክስሉ 255 ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የአራቱን ክሮች ቀለም አስቀድማችሁ ያዙና እያንዳንዱን ፒክስል በጣም ለሚቀርበው ክር ስጡት። ስታሳንሱም ቀለም የማይቀላቅለውን፣ የቅርቡን ፒክስል የሚወስደውን መንገድ ምረጡ።

ከሁሉም በፊት ግን ዋናውን ፎቶ አስልኩ። ለጋሼ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አሳየኋቸው። በነጋታው ሌላ ጥለት ላኩልኝ፣ በፋይል። ይሄኛው ደግሞ በጎኑ ተኝቶ መጣ። ስልክ ሲያነሳ ፒክስሉን ሳያዞር «ስታሳይ አዙረው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፣ ፒሎው ደግሞ ካልነገሩት አያዞርም። ኔትወርኩ ሲሻሻል ካወረድኩት ፒሎው፣ ኢሜጅኦፕስ (ImageOps) ውስጥ ኤግዚፍ ትራንስፖዝ (exif_transpose) የሚባለውን ትእዛዝ ጠርቼ ቀና አደረግኩት።